ለትምህርት ኮሌጅ ልጆች፦ አንድ ትምህርት ቤት ያዙ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በየዩኒቨርሲቲው የትምህርት ኮሌጅ ለምትማሩና እዚያው ማስተማር ለጀመራችሁ ወጣቶች ነው። ዕድሜዬን መምህራን ሳሰለጥን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ሥራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ ኮሌጁ የሠራው ሥራ ይዘረዘራል። ይህን ያህል ጥናት ታተመ፣ ይህን ያህል ተማሪ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ተመረቀ ይባላል። ደስ ይለኛል፤ ልፋቱን አውቀዋለሁ። የማህበረሰብ አገልግሎት የሚለው ጋ ስደርስ ግን ብዙ ጊዜ ቅር ይለኛል። ባነር ተሰቅሎ ደብተርና እስክሪብቶ ሲታደል የሚያሳይ ፎቶ ነው የማገኘው። ደብተሩ ይሰጥ፣ የቸገረው ልጅ ብዙ ነው። ደብተር ግን ነጋዴውም ዕድሩም ሊሰጥ ይችላል። እናንተ የተማራችሁት ልጅ እንዴት ፊደል እንደሚይዝ፣ እንዴት ቁጥር እንደሚገባው ነው። ይህን እውቀት ሰፈሩ ውስጥ ከእናንተ በቀር ማን ያመጣዋል?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሲጀመር ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ አስተማሪ ሆኑ። እኔን ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረኝ እንዲህ የመጣ ወጣት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቤት ተከራይቶ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ኖረ። የባህር ዳር ፔዳጎጂም፣ ዛሬ ግቢውን ፔዳ የምትሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተመድ የልማት ፕሮግራም ስምምነት ሲቋቋም የአንደኛ ደረጃ መምህራን አሰልጣኞችን ብቻ እንዲያወጣ አልታሰበም። የጎልማሶች ትምህርትና የገጠር ልማት ሠራተኞችንም እንዲያፈራ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በዓመቱ የዩኔስኮን ሽልማት አገኘ። ስለዚያ ዘመን ብዙ የሚያስቆጭ ነገር አለ፤ ዛሬ አልገባበትም። ግን አስተማሪው ተማሪው ያለበት ድረስ ሄዶ ይቀመጥ ነበር።

እናንተም አንድ ትምህርት ቤት ያዙ። አሥር አይሁን፣ አንድ ይበቃል። ከግቢያችሁ በእግር የሚደረስ ቢሆን ይመረጣል። የትራንስፖርት በጀት አልተለቀቀም ተብሎ እንዳይቀር ማለቴ ነው።

መጀመሪያ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ ሀ ሁ ሂ እያሉ በዜማ ሲወርዱት ትሰማላችሁ። ያምራል፤ ሁሉም የቻሉ ይመስላል። ከዚያ አንዱን ልጅ ለብቻው ጠርታችሁ «ሞ»ን ብቻ አሳዩት። ብዙው ልጅ ዝም ይላል። አንዳንዱ በጣቱ እየቆጠረ መ ሙ ሚ ማ ብሎ እስኪደርስበት ድረስ ይሄዳል። ይህ ልጅ ዜማውን ይዟል፣ ፊደሉን ገና አልለየም። ቃል አንብብ ስትሉት ደግሞ የመጽሐፉን ስዕል አይቶ ይገምታል። 60 እና 70 ልጅ ባለበት ክፍል መምህሯ ይህን በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ለማየት ጊዜ ከየት ታምጣ?

የእናንተ ሥራ እዚህ ጋ ነው። ከካርቶን ፊደል ቁረጡ። ቅደም ተከተሉን አዘበራርቃችሁ አሳዩ። «ማ»ን እና «ር»ን አጠጋግታችሁ ማር አስብሏቸው። አራት አምስት ልጆችን ይዛችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ብትቀመጡ ለውጡን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ትንሽ ሥራ ነው ብላችሁ አትናቁት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ሁላችንም ደነገጥን። ዩኒቨርሲቲዎችም ሪሜዲያል፣ ማለትም ላላለፉት የማካካሻ ትምህርት፣ ማስተማር ጀመሩ። እኔ ግን አንብቦ መረዳት ሳይችል ከክፍል ወደ ክፍል ያለፈው ልጅ ነው የሚታየኝ። እሱን በ18 ዓመቱ ከማገዝ በሰባት ዓመቱ መድረስ ይቀላል።

ስትሄዱ እንደ ተቆጣጣሪ አትሂዱ። ይህን አደራ እላችኋለሁ። እዚያ ያለችው መምህርት 20 ዓመት በጠመኔ የሠራች ልትሆን ትችላለች። ደመወዟ ወር እንደማያደርሳት እናንተም ታውቃላችሁ። እትዬ ብላችሁ ቅረቧት፣ ምን እንዳስቸገራት ጠይቁ፣ ከእሷም ተማሩ። እንዲያውም ለተግባራዊ ምርምር ርዕስ አጣሁ እያላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ። ርዕሱ ያለው እሷ የምትነግራችሁ ችግር ውስጥ ነው። ጥናቱን ስትጨርሱ ውጤቱን በአማርኛ፣ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ለእሷና ለርዕሰ መምህሩ ስጡ። መረጃ ተሰብስቦባቸው ውጤቱን ጭራሽ ያላዩ ትምህርት ቤቶች ስንት እንደሆኑ ብታውቁ! በዚህ ምክንያት አጥኚ ሲመጣ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አልፈርድባቸውም።

በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸውን ልጆችም አስቡ። ከገጠር ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉ፣ ዓመትና ሁለት ዓመት ያለፋቸው አሉ። ከታናናሾቻቸው ጋር መቀመጥ ያፍራሉ። ለእነሱ የተለየ የማካካሻ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በፊት ግን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ክረምት ላይ ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ፣ ሰላሙ ከፈቀደ፣ እዚያው ሰፈራችሁ ውስጥ ጀምሩት። ደብዳቤና ማህተም እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ለቀበሌውና ለወላጆች መናገር ይበቃል።

መስከረም ላይ የያዛችኋቸውን ልጆች አንድ ገጽ አስነብባችሁ ስንት ቃል እንዳነበቡ በአንድ ደብተር ጻፉ። ጥር ላይ ድገሙት፣ ሰኔ ላይም እንዲሁ። ስትመረቁ ደብተሩን ከስር ላለው ተማሪ አስረክቡ፣ ከመምህሯም ጋር አስተዋውቁት። የኮሌጁ የሰኔ ሪፖርት ሲጻፍ ይህ ደብተር አብሮ ይቅረብ።