መልስ፦ የ11 ዓመት ልጄ በጣም ወፈረ፣ ዳይት ላስጀምረው?

እህቴ፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ዳይት አይያዝም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ቁመቱንና ክብደቱን አስለኪ፤ የሚታየው ኪሎው ብቻ አይደለም፣ ለዕድሜውና ለጾታው በተሠራው የእድገት ሰንጠረዥ ላይ ያለበት ቦታ ነው።

የእኔዋ ልጅ ላይ ጥፋቱ ከቤት ነበር፦ ከምሳ ጋር በየቀኑ ለስላሳ። 300 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ በይው! ለሁላችንም በውሃ ቀየርነው፤ አባቷ ለሳምንት አኩርፎ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከተማችን ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ባጃጁን ትተሽ ሳይክል ስጪው። የትምህርት ቤቱ ሱቅ ለስላሳና ቺፕስ መሸጡን እንዲተው ደግሞ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፤ አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። «ዱባው» እያሉ የሚጠሩትንም ዘመዶች ዝም አሰኚልኝ።