ሩቅ ሳትመኙ ቅርብ ሂዱ፦ ለድሬና ለሐረር ወጣት ወላጆች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በውሃ ሥራ ነው። ጉድጓድ፣ ፓምፕ፣ ቧንቧ። በድሬም በሐረርም ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከቤት ስለመውጣት ነው። ነገሩ ከሥራዬ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ወረድ ስትሉ ታዩታላችሁ።

ወጣት ወላጆችን «እሁድ ልጆቹን የት ትወስዷቸዋላችሁ?» ስል አብዛኞቹ «አቦ፣ እዚህ ምን መውጫ አለ?» ይሉኛል። ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ለመሄድ ብር እያጠራቀሙ ነው። ብሩ አንድ ዓመት ይሞላል፣ ሌላ ዓመት ይጎድላል። ልጁ ግን ብሩን አይጠብቅም፤ ያድጋል።

እኔ የምመክራችሁ ቅርብ እንድትሄዱ ነው። አንዴ የሄዳችሁበት ቦታም ደግማችሁ ተመለሱበት። በክረምት ካያችሁት በበጋም እዩት። ልጅ አንድን ቦታ በደንብ የሚያውቀው ሲለዋወጥ ሲያየው ነው።

ለዚህ ሐሮማያ ሐይቅን ምስክር አድርጌ እጠራለሁ። ሐረር ለብዙ ዓመት የጠጣችው የእሱን ውሃ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሐይቁ ደረቀ። ውሃ የነበረበት ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ነገሩ በአንድ ሌሊት አልመጣም። በዙሪያው ያለው ጫትና አትክልት በሞተር ፓምፕ ይጠጣ ነበር። ከተማውም ይስባል። ዛፉ ካለቀበት ተዳፋት አፈር እየታጠበ ወለሉን ሞላው። ጥልቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ፀሐይ የቀረውን ቶሎ ታተነው ጀመር። እኛ የውሃ ሰዎች በመለኪያ እናየው ነበር። ዳር ላይ ያለው ገበሬም ያየው ነበር፤ ውሃው በራቀ ቁጥር ፓምፑን ወደ ውስጥ ያስጠጋ ነበርና። በዓመት አንዴ ፎቶ ሊነሳ ብቅ ያለ ሰው ግን ምንም ሳያይ ሐይቁ አለቀ።

ኋላ ላይ ሐረር ውሃዋን ድሬዳዋ አካባቢ ካለው ቆላ፣ ከጉድጓድ ማምጣት ግድ ሆነባት። ያ ውሃ በድሬና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎን ተራራ ለመሻገር ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል። ለዚያ የሚሄደውን የመብራት ኃይል አስቡት። ቧንቧ ከፍታችሁ ልጃችሁን ስታጥቡ ይህን ብትነግሩት ደስ ይለኛል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐሮማያ እንደገና ውሃ ይዟል። ወፎችም ተመልሰዋል። ይህን ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። እንግዲህ ልጆቻችሁን ውሰዱ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሄዳችሁ ከውሃው ጫፍ አጠገብ የማይንቀሳቀስ ምልክት ያዙ፤ ዛፍ ወይም ትልቅ ድንጋይ ይሁን። በመጋቢት ተመለሱ። ውሃው ከምልክቱ ስንት እርምጃ እንደራቀ ልጁ ራሱ ይቁጠር። የስድስት ዓመት ልጅ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት እንደገና ይቁጠር። ውሃው ውስጥ ግን አታስገቡት። ታቹ ደለል ነው፣ እግር ይይዛል።

የድሬ ልጆች ደግሞ ደንገጎን ይወቁ። ድሬ ውስጥ ካሉት የሳቢያን ጉድጓዶች የምንቀዳው ውሃ እዚያ ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ ነው። መሬት ውስጥ ሰርጎ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ነው ከእኛ የሚደርስ። ደንገጎ ላይ መኪናውን ጥግ አስይዛችሁ ውረዱ። ልጆቹ ከላይ ሆነው ሸለቆውን ይዩ፤ የደረቀው አሸዋ እንዴት እየተጠማዘዘ ወደ ከተማው እንደሚሄድ በጣታቸው ይከተሉት። ጃኬት አትርሱ። ድሬ ላይ ላብ ላብ ያለው ልጅ እዚያ ይንቀጠቀጣል።

ስለ አሸዋው አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ድሬን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱም ሆነ ሌላው ደረቅ ወንዝ ለጨዋታ ይጋብዛል፤ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ኳስ ያስመታል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ሊደርስ ይችላል። ደጋው ላይ ደመና ከጠቆረ ምንጣፋችሁን አንሱና ከአሸዋው ውጡ። «ገና ነው» የሚል ሰው አትስሙ።

በእግር መሄድ ለሚወዱ ከድሬ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። በጣም ጥንት የኖሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ነው። አቀበቱ ይከብዳል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው የምመክረው። ለጋ ኦዳ ደግሞ ራቅ ይላል። ግን ድንጋዩ ላይ የተሳሉት ከብቶች ልጅን አፍ ያስከፍታሉ። ሁለቱም ጋ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ያዙ። ሥዕሉን በእጅ መንካት፣ ውሃ መርጨት ፈጽሞ አይሆንም።

ሐረር ለምትኖሩ መኪና እንኳ አያስፈልጋችሁም። የጀጎል ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ነው። ከሸዋ በር ተነሱ፤ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር እያላችሁ ዙሩት። በግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ልጆቹ ይፈልጉ። በመሃል ሳምቡሳ ወይም ባጂያ ግዙላቸው። ከተማቸውን በእግራቸው የዞሩ ልጆች ከቱሪስት የበለጠ ያውቋታል፤ እንደዚያም መሆን አለበት። ሌላ ቀን ሐኪም ተራራ ላይ ወጥታችሁ ያንኑ ግንብ ከላይ አሳዩአቸው።

ባቢሌን በአጭሩ ልለፈው። የዝሆኖቹ መጠለያ ሕፃን ይዞ በእግር የሚገባበት አይደለም። ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለው የዳካታ ሸለቆ ግን ለሁሉም ይሆናል። አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ ተቀምጦ «እንዴት አልወደቀም?» ያሰኛል። ኦቾሎኒ ከባቢሌ ገዝታችሁ ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ።

አሁን ወደ አባቶች ልምጣ። እሁድ ከሰዓት በርጫ፣ ጫት መቃሚያው፣ እንዳለ አውቃለሁ። ከማንም ጋር አልጣላም። እኔ የምላችሁ፣ ጠዋቱ የልጆቹ ይሁን። አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሱ፣ ስድስት ሰዓት ተመለሱ። ለነገሩ የድሬ ፀሐይም ከዚያ በላይ አያስቀምጥም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደግሞ ለሁሉም ይመቻል። ሄዳችሁ ስልካችሁ ላይ ካቀረቀራችሁ ግን ባትሄዱ ይሻላል፤ ልጁ የሚያየው እናንተ የምታዩትን ነው።

ወጪው እንዳያስፈራችሁ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ። ምግቡን ከቤት፣ ሻዩን በፔርሙስ። ውሃ ከምታስቡት በላይ ያዙ። ባዶ ሃይላንድና ፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። ሐሮማያ ዳር የምትጥሉት ፌስታል ዝናብ ሲመጣ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው።

አያቶችን ደግሞ ቤት ጥላችሁ አትሂዱ። ውሃው ድሮ የት ድረስ እንደነበር፣ የትኛው ተዳፋት ጫካ እንደነበር የሚያሳዩአችሁ እነሱ ናቸው። ልጁ እርምጃውን ሲቆጥር አያቱ «በእኔ ጊዜ እስከዚህ ነበር» ትበለው። የደንገጎ መጠምዘዣ ስለሚያዞራቸው ከሹፌሩ ጎን አስቀምጧቸው፤ መንገድ ላይም አንድ ሁለቴ አቁማችሁ አየር ይውሰዱ።