የንጉሥ ልጆች፣ ግን ዙፋን የማይነኩ

ጥያቄ፦ የዴንማርኩ ክርስቲያን 4ኛ ከ20 በላይ ልጆች ነበሩት የሚባለው እውነት ነው? ከሁለተኛ ሚስቱ የወለዳቸውስ ለምን አልነገሡም?

መልስ፦ አዎ እውነት ነው፣ በሕፃንነታቸው የሞቱትን ጨምረህ ስትቆጥር ከ20 ያልፋሉ፣ እናቶቻቸው ግን ብዙ ናቸው ነገሩ የተወሳሰበውም እዛ ላይ ነው። መጀመሪያ በ1597 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) የብራንደንበርጓን አና ካትሪንን አገባ፣ እሷ ዘውድ የጫነች ንግሥት ናት፣ ከልጆቿ ሦስት ወንዶች አድገውላታል፣ በ1612 ሞተች።

ከዛ በ1615 መጨረሻ ኪርስተን ሙንክን አገባ። የመኳንንት ልጅ ነች እንጂ የንጉሥ ዘር አይደለችም፣ እናቷ ኤለን ማርስቪን ደግሞ ሀብታምና ብልጥ ሴትዮ ናት፣ ልጄን በቅምጥነት አልሰጥም ብላ በሚስትነት አስያዘቻት። እንግዲህ ኪርስተን ሚስት ናት ግን ንግሥት አይደለችም፣ ልጆቿም ዲቃላ አይባሉም ግን ዙፋን አይወርሱም። 12 ወለደች፣ የመጨረሻዋን በ1629 ስትወልድ ግን ንጉሡ የኔ አይደለችም ብሎ ካዳት፣ ምክንያቱም ኪርስተን ኦቶ ሉድቪግ ከሚባል ጀርመናዊ የጦር መኮንን ጋር ይዛ ነበር። ተለያዩ። ንጉሡም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፣ ወዲያው የኪርስተንን አገልጋይ የነበረችውን ቪበከ ክሩሰን ይዞ ከሷም ወለደ።

ዙፋን ባይኖራቸውም የኪርስተን ልጆች ሥልጣን አላጡም፣ ንጉሡ ሴቶቹን ለትልልቅ መኳንንት ዳራቸውና አማቾቹ አገሩን ያዙት። የሊዮኖራ ክርስቲና ባል ኮርፊትዝ ኡልፌልት ከንጉሡ ቀጥሎ ያለውን ሹመት ያዘ፣ የክርስቲያነ ባል ሃኒባል ሴሄስቴድ ደግሞ የኖርዌይ ገዢ ሆነ። አልጋ ወራሹ በ1647፣ አባትየው በ1648 ሲሞቱ የንግሥቲቱ ልጅ ፍሬደሪክ 3ኛ ነገሠ፣ ያኔ በዴንማርክ ንጉሥ በምክር ቤት ተመርጦ ነበር የሚነግሠው፣ እና እነ ኡልፌልት እጁን ጠምዝዘው ሥልጣኑን የሚቀንስ ውል አስፈረሙት። ይሄን አልረሳላቸውም። ሚስቱ ሶፊ አማሊየም ከሊዮኖራ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ።

ኡልፌልት ተጣልቶ ወደ ስዊድን ኮበለለና የገዛ አገሩን ሲወጉ አብሯቸው ቆመ (እኔ ለሱ ምንም አላዝንም)። ዕዳው ግን ለሚስቱ ተረፈ። በ1663 ለእንግሊዙ ቻርልስ 2ኛ ያበደሩትን ገንዘብ ልትጠይቅ ሄዳ፣ ዘመዷ እኮ ነው፣ እሱ አሳልፎ ለዴንማርክ ሰጣት፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ሰማያዊው ግንብ በሚባለው እስር ቤት ወደ 22 ዓመት ገደማ ተቀመጠች። ብዕርና ወረቀት ስለከለከሏት ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እየደበቀች፣ ከሻማ ጥላሸት ቀለም እየሠራች በዶሮ ላባ ትጽፍ ነበር። የተፈታችው በ1685 ሶፊ አማሊየ ከሞተች በኋላ ነው።

የቪበከ ልጅ ኡልሪክ ክርስቲያንስ? እሱ በ1658 ስዊድኖች ኮፐንሃገንን ሲከቡ ከተማዋን ከሚከላከሉት አዛዦች አንዱ ነበር፣ እዛው ዓመት ሞተ።