«የልጆች ጨዋታ ነው» ሲባል

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ11 ዓመት ልጄን የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት ጀርባ እየጠበቁ ብሩን ይቀሙታል፤ የአንዱ የ8 ዓመት ወንድም ዘብ ይቆምላቸዋል። ባለፈው ሳምንት በቡጢ መትተው የፊት ጥርሱን ሰበሩት፣ ቀርጸውም በቴሌግራም በተኑት። ርዕሰ መምህሩ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው የእኔንም ልጅ ጨምረው ሁሉንም በጎማ ገረፉና «ታረቁ» አሏቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ጥርሱ ሳይዘገይ ይታከም። ሐኪሙ ከመንቀሉ ወይም ከመሙላቱ በፊት ግን በቅርብ ፎቶግራፍ ያንሱት፣ የጉዳቱንም ሁኔታ በጽሑፍ ያሰጡ። መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚዳከመው እዚህ ላይ ነው፤ ጥርሱ ከተሞላ በኋላ የሐኪም ማስረጃ ቢጠየቅ የሚታየው ደህና ጥርስ ነው። ፖሊስ ጣቢያ አቤቱታ ሲያስመዘግቡም ለድል ጮራ ወይም ለሌላ የመንግሥት ሆስፒታል የሚጻፈውን የሐኪም ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ሳይቀበሉ አይውጡ። ደረሰኞቹን አይጣሉ።

አቤቱታው ቀን አለው። ቀላል የአካል ጉዳት (የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556(1)) የሚያስከስሰው ተበዳይ ሲያመለክት ነው፤ አንቀጽ 213 ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። «ሽማግሌ ልከናል፣ ትንሽ ይታገሡ» ሲባል ክረምት ይገባል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ቀኑ ያልፋል። ሽምግልናን አልነቅፍም፣ ነገ በአንድ ሰፈር መኖር አለ። ግን አመልክተው ይታረቁ። የሕክምናው ወጪ ሳይከፈልም «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

ልጆቹ ይታሰራሉ ብለው ከሆነ አይጠብቁ። የ8 ዓመቱ በወንጀል አይጠየቅም፤ መነሻው 9 ዓመት ነው (አንቀጽ 52)። ሁለቱን ታላላቆች ፖሊስ ወዲያው ፍርድ ቤት ያቀርባቸዋል፣ ምርመራውም በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ይመራል። ውጤቱ እንደ ተግሣጽ ወይም ክትትል ያለ እርምጃ ነው። ተናደው ሄደው ልጆቹን ራስዎ እንዳይመቱ ብቻ፤ ያን ጊዜ ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ፣ ለእርስዎ ደግሞ የዕድሜ ማቅለያ የለም።

ትምህርት ቤቱ እዚህ ጉዳይ ላይ አስታራቂ ብቻ አይደለም፣ ባለዕዳም ሊሆን ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2124 ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ያስጠይቃል፤ ድርጊቱ የተፈጸመው ልጁ በትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሥር ሳለ ከሆነ ግን ቁጥር 2125 ኃላፊነቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ያዞረዋል። ካሣ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (ቁጥር 2143)። ስለዚህ በቃል የነገሯቸውን ሁሉ እንዳልተነገረ ቆጥረው በሁለት ቅጂ ይጻፉ። «ልጄን ያሰቃዩታል» ማለት አይበቃም። «ማክሰኞ ጠዋት 4፡15 ላይ፣ ከወንዶች መጸዳጃ ጀርባ፣ 20 ብር ቀምተው በቡጢ መቱት፤ ያዩት እከሌና እከሌ ናቸው» ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ የሚፈልጉትን ይጠይቁ፦ በእረፍት ሰዓት እዚያ ቦታ ተረኛ መምህር እንዲቆም፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጥዎት። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን አድርጎ ይመልስልዎ። ዝም ካሉ ያንኑ ቅጂ አያይዘው ለወላጅ መምህር ኅብረትና ለአስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ ያመልክቱ።

የጎማው ግርፋት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36(1)(ሠ) ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ የመቱትም የተመታውም እኩል መገረፋቸው ደግሞ ልጅዎ ሁለተኛ እንዳይናገር ያደርገዋል። ይህን ግን በተለየ ደብዳቤ ያቅርቡ። ከመጀመሪያው ጋር ከተቀላቀለ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸውን ሲከላከሉ የጥርሱ ነገር ይረሳል።

ቪዲዮውን ለዘመድ አይላኩ፣ ስርጭቱን ራስዎ ያበዙታል። የላኪው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታዩ አድርገው የስልኩን ገጽታ ፎቶ ያስቀሩ፣ ስልኩንም ለፖሊስ ያሳዩ። እንዲጠፋ የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ካጠፉት ማስረጃዎም አብሮ ይሄዳል።