1 እና 1.0 አንድ አይደሉም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ቆራርጬ ከምመልስልሽ ብዬ ለዛሬ አሳደርኩት። ያልሽው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የኮምፓይለር (ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም) ፕሮጀክታችሁ ባለ ሦስት አድራሻ ኮድ፣ ማለትም በአንድ መስመር አንድ ስሌት ብቻ የያዘ መካከለኛ ኮድ፣ ያወጣል። «ሀ = ለ + 5» ሲመጣ አንቺ 5ን በቀጥታ ኦፔራንድ (የስሌቱ ግብዓት) ማድረግ ትፈልጊያለሽ። የቡድን ጓደኛሽ መጀመሪያ «ተ1 = 5» የሚል የራሱ ኢንስትራክሽን (ትእዛዝ) ይውጣለት ይላል፤ ተ1 ቴምፖራሪ፣ ማለትም ጊዜያዊ ስም ነው። ሦስተኛው ልጅ ደግሞ ኮንስታንቶቹን (እንደ 5 ያሉ ቋሚ ዋጋዎችን) ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከትተን በተራ ቁጥር እንጥራቸው ብሏል።

እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ ግን የሦስታችሁም ሐሳብ በታወቁ ሥራዎች ላይ ይገኛል። ኤልኤልቪኤም የሚባለው የኮምፓይለር መሠረት የአንቺን መንገድ ነው የሚሄደው፤ 5 እንደ ማንኛውም ቫልዩ (ዋጋ) ተቆጥሮ በቀጥታ ኦፔራንድ ይሆናል፣ «5ን ጫን» የሚል መስመር የለም። ኤምኤልአይአር እና ክሬንሊፍት የሚባሉት ሌሎች የኮምፓይለር መሣሪያዎች እንደ ጓደኛሽ ናቸው፤ እዚያ ኮንስታንት ራሱን የቻለ ኦፕሬሽን ነው። ሠንጠረዥ የሚገኘው ባይትኮድ (ምናባዊ ማሽን የሚያስኬደው ኮድ) ላይ ነው፦ የጃቫ ክላስ ፋይል ኮንስታንት ፑል (የኮንስታንት ሠንጠረዥ) አለው፣ ፓይተን ለእያንዳንዱ ፋንክሽን የኮንስታንት ቱፕል (ዝርዝር) ይይዛል፣ ሉዋ የሚባለው ቋንቋም እንዲሁ።

ሠንጠረዡን ግን ከመካከለኛው ኮድ አውጡት። እሱ የቦታ ቁጠባ ጉዳይ ነው። ጃቫን ተመልከቺ፦ ከ-1 እስከ 5 ላሉት ኢንቲጀሮች (ሙሉ ቁጥሮች) ባለ አንድ ባይት የራሳቸው ኢንስትራክሽን አላቸው፣ እስከ -128 እና 127 ያለው ሌላ፣ እስከ -32768 እና 32767 ያለው ደግሞ ሌላ። ከዚያ የተረፈው ነው ፑል የሚገባው። ይሄ ውሳኔ መጨረሻ ላይ፣ ኮዱ ሲጻፍ የሚወሰን ነው። መሀል ላይ ካስገባችሁት ግን እያንዳንዱ ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የሚያሻሽል ደረጃ) ‹ይሄ ኦፔራንድ ዜሮ ነው ወይ?› ለማለት ሠንጠረዥ ሲገልጥ ይውላል።

የጓደኛሽ ሐሳብ አይናቅም። ሁሉም ኦፔራንድ ቴምፖራሪ ከሆነ ኮዳችሁ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ነው የሚያየው። ኤምኤልአይአር የመረጠበት ምክንያት ግን እናንተን አይመለከትም፤ ፋንክሽኖችን በብዙ ትሬድ ጎን ለጎን ሲያስኬድ አንድ ኮንስታንት በሁሉም መሀል የጋራ ሆኖ እንዳያጣላቸው ነው። እናንተ ጋ የሚተርፈው ዕዳው ነው። «ለ × 1»ን ወደ «ለ» ለመቀየር ተ1 የት እንደተሰጠ ወደ ኋላ መፈለግ አለባችሁ። እያንዳንዱ ስም አንዴ ብቻ ዋጋ የሚሰጥበት አሠራር (ኤስኤስኤ) ካልሆነ ደግሞ ተ1 መሀል ላይ ሌላ ነገር አለመሆኑን ማን ያረጋግጥላችኋል? ስለዚህ ኦፔራንድ አድርጊው፣ ክርክሩንም እዚህ ዝጉት።

ምክንያቱም እኛን ያዋረደን ኮንስታንቱ የት ይቀመጥ የሚለው ጉዳይ አልነበረም። እኔም አዳማ ነው የተማርኩት። ይህንኑ ኮርስ ስንወስድ ሦስት ሆነን በፓይተን አንድ ትንሽ ቋንቋ ሠራን። እኔ ኮንስታንት እንዳይደጋገም ብዬ ዲክሽነሪ አዘጋጀሁ፤ ዋጋው ካለ ያለውን መልስ፣ ከሌለ ጨምር። የማቅረቢያው ቀን ደረሰ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአዳማን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሏል። መምህራችን ተነስተው «1.0 ሲካፈል ለ2.0» ብለው ጻፉ። ዜሮ ወጣ። ደግመው ሞከሩ፣ ዜሮ። እኛ ቤት ስንሞክረው 0.5 ነበር!

ጉዱ ምን መሰለሽ፣ ፓይተን ውስጥ 1፣ 1.0 እና ‹እውነት› የሚለው ቡሊያን እኩል ናቸው፤ ዲክሽነሪው ቁልፍ የሚፈልግበት ቁጥር፣ ሀሻቸውም፣ አንድ ነው። ከላይ ባለው መስመር 1 እና 2 እንደ ኢንቲጀር ገብተው ስለነበር፣ 1.0 ሲጠየቅ ዲክሽነሪው «አለኝ» ብሎ ኢንቲጀሩን መለሰ። ኮድ ጀነሬተራችን ደግሞ የማካፈያውን ዓይነት የሚያነበው ከኦፔራንዱ ላይ ነበር። ኢንቲጀር ለኢንቲጀር፣ ዜሮ። የፓይተን ኮምፓይለር ራሱ ኮንስታንቶቹን ሲያጣራ ዓይነቱን ከዋጋው ጋር አጣምሮ ነው ቁልፍ የሚያደርገው፤ ያንን በኋላ ሳውቅ ምን ያህል እንደተናደድኩ አልነግርሽም።

እና ኮንስታንት ስትሠሪ ዓይነቱንና ቢቱን አንድ ላይ ያዢ። ቁልፉም ሁለቱ ይሁኑ፣ አንዴ ከተፈጠረም አይቀየር። ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ከሆነ ዋጋውን ሳይሆን 64 ቢቱን አነጻጽሪ፤ 0.0 እና -0.0 በእኩልነት ምልክት እኩል ናቸው፣ 1ን ስታካፍዪላቸው ግን አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ኢንፊኒቲ ይሄዳሉ። ኢንቲጀር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ በ8 ቢት 255 እና -1 አንድ ዓይነት ቢት ናቸው። ኤልኤልቪኤም ለዚህ ነው ኢንቲጀሩ ላይ ምልክት አለው የለውም የማይለው፤ ልዩነቱን የሚሸከመው የማካፈያው ወይም የማነጻጸሪያው ኢንስትራክሽን ነው። (በነገራችን ላይ ፓርሰራችሁ፣ ማለትም የተጻፈውን ኮድ የሚያነበው ክፍል፣ -2147483648ን እንዴት እንደሚያነብ እዩት። ምልክቱና ቁጥሩ ተለያይተው ከተነበቡ 2147483648 በ32 ቢት አይያዝም። በሲ ሄደር ፋይሎች ውስጥ «-2147483647 - 1» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው።)

ፎልዲንግ (የኮንስታንቶችን ስሌት ኮምፓይለሩ አስቀድሞ እንዲጨርስ ማድረግ) ትሠራላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ ሁሉም ይሠራዋል፣ ነጥብ ስለሚያስገኝ። እዚያ ላይ ወጥመዱ ኮምፓይለሩ የተጻፈበት ቋንቋ ሒሳብ ከእናንተ ቋንቋ ሒሳብ ጋር አለመግጠሙ ነው። የፓይተን ኢንቲጀር ወሰን የለውም፤ 2147483647 ላይ 1 ስትጨምሪ ዝም ብሎ ያድጋል፣ ባለ 32 ቢት ማሽናችሁ ግን ወደ -2147483648 ይዞራል። -7ን ለ2 በፓይተን የሙሉ ቁጥር ማካፈያ ብታካፍዪ -4 ነው፣ በሲና በጃቫ -3። እኛ ኦፕቲማይዜሽኑን ስናበራ አንድ መልስ፣ ስናጠፋ ሌላ መልስ የሚሰጥ ቋንቋ ይዘን ነበር። ለዜሮ ማካፈልን ጭራሽ አትንኩት፤ ኢንስትራክሽኑ እንዳለ ይለፍና ፕሮግራሙ ሲሮጥ ይውደቅ፣ ያ መስመር ጨርሶ ላይደረስ ይችላል።

ፍሎትን በተመለከተ ከተመረቅኩ በኋላ ያጋጠመኝን ልጨምርልሽ። እዚሁ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ የደመወዝ ደንብ የሚጻፍበት ትንሽ ቋንቋ ሠርቼ ነበር። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7% ነው፤ እኔም ፓርሰሩ ላይ 0.07 አድርጌ ወደ ፍሎት ቀየርኩት። 0.07 በባይነሪ ልክ አይወጣም፤ በ100 ብር ስታባዢው 7.000000000000001 ነው። ወደ ላይ ወደ ሳንቲም የሚያጠጋ ደንብ ሲያገኘው 7 ብር ከ1 ሳንቲም ሆነ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በእጅ አስልታ መጣች፤ ከሒሳብ ሠራተኛ ጋር በአንድ ሳንቲም የተከራከረ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ቁጥር 7 ሲካፈል ለ100 አድርጌ ነው የምይዘው፣ ዓይነቱ ሲታወቅ ብቻ ነው የሚቀየረው። የጎ ቋንቋም ዓይነት ያልተሰጣቸውን ቁጥራዊ ኮንስታንቶች በትክክለኛ ዋጋቸው ነው የሚያቆያቸው። ኢንቲጀርንም ቢሆን በፍሎት አታሳልፊው፤ 9007199254740993 በዚያ በኩል ሲያልፍ መጨረሻው 2 ሆኖ ይወጣል።

ቁጥሩ በማሽኑ ኢንስትራክሽን ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ያስጨነቀሽ ይመስላል። ተዪው። ሪስክ-ቪ በሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት የመደመሪያ ኢሚዲየቱ (በኢንስትራክሽኑ ውስጥ የሚገባው ቁጥር) ከ-2048 እስከ 2047 ነው፣ ኤክስ86 ባለ 64 ቢቱ ደግሞ በአብዛኛው 32 ቢት ይቀበላል፤ መካከለኛው ኮድ ይህን ማወቅ የለበትም።

ስትሪንግ (ጽሑፍ) ላይ ግን ተጠንቀቂ፣ በተለይ በአማርኛ ልታሳዩ ካሰባችሁ። እኛ ርዝመቱን ከፓይተን ወስደን ያንኑ ያህል ባይት ጻፍን። ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ-8 የፊደሎቻችን አንዱ 3 ባይት ነው፤ «አዳማ» 3 ፊደል፣ 9 ባይት። 3 ባይት ብቻ ስለጻፍን ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ «አ» ብቻ ወጣ። የተበላሸ ምልክት ቢሆን ኖሮ ወዲያው እናውቅ ነበር፤ ፊደሉ ሙሉ ስለሆነ ፓርሰሩ ነው ብለን ሁለት ቀን እሱን ስንበረብር ከረምን። ስትሪንጉን ወደ ባይት ከቀየርሽ በኋላ ርዝመቱን ቁጠሪ።

ዛሬ ማታ 1ን ከ1.0 በፊት፣ ከዚያ -7 ለ2ን፣ ከዚያ «አዳማ»ን በአንድ ፋይል አስሮጪና የወጣውን እዚሁ ለጥፊልን።