ሆብስና ሎክ አንድ ናቸው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር ነበር። እሱ «ሆብስም ሎክም መንግሥት የሚቆመው በሰዎች ስምምነት ነው ስላሉ ያው ናቸው» ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱም የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፈላስፎች ናቸው። መነሻቸው ይቀራረባል፣ መድረሻቸው ግን ለየቅል ነው። ሆብስ የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ያስደነገጠው ሰው ነው፤ እና በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሌቪያታን» ሰው ያለ መንግሥት ከተተወ እርስ በርሱ ይባላልና ሥልጣኑን ለአንድ ጠንካራ ገዢ አስረክቦ ሰላም ያግኝ ይላል። ሎክ ይሄ አልዋጥለት አለ። ሕይወት፣ ነፃነትና ንብረት ከመንግሥት በፊት የነበሩ መብቶች ናቸው፤ ገዢው የተቀመጠው በአደራ ነው፣ አደራ በላ ከሆነ ደግሞ ሕዝቡ ያወርደዋል። የ1776ቱ የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ ላይ ይሄ ሐሳብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለጓደኛህም ትንሽ ላድላ፦ ሆብስም ቢሆን የንጉሥ ሥልጣን በቀጥታ ከሰማይ ወረደ አላለም።