ካላንቾ እንዲያብብ ጨለማ ስጪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም፣ ልክ የኔው ታሪክ ነው። ካላንቾሽን፣ ያንን ቅጠለ ወፍራም የቤት ውስጥ አበባ፣ ስትገዢው በአበባ ተሞልቶ ነበር፣ አበባው ከረገፈ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ቅጠሉ ግን ወፍራምና አረንጓዴ ነው፣ ምን ማዳበሪያ ልስጠው ነው ያልሽው። ምንም አትስጪው። ተክልሽ ጤነኛ ነው። የጎደለው ጨለማ ነው።

የኔው ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ቀን ከመስኮቱ በቂ ብርሃን ያገኛል፣ ውሃም አላጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ። ያልሞከርኩት ነገር የለም። የቡና አተላ ደፋሁበት፣ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቼ ጨመርኩ፣ ዩሪያ ጣል አድርጊበት ሲሉኝ እሱንም አደረግኩ። ዩሪያው ቅጠሉን እንደ ጎመን አሳደገው፣ ግንዱ ተለጥጦ ዘንበል ሲል በእንጨት ደገፍኩት። አበባ ግን የለም። አተላው ደግሞ አፈሩን እርጥብ አድርጎ ስለሚያቆየው ለእንደዚህ ዓይነት ውሃ በቅጠሉ ለሚያጠራቅም ተክል ጭራሽ አይሆንም።

ነገሩ የገባኝ አክስቴ ቤት ነው። ከዚያው ተክል ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰጥቻት ነበር። እሷ ዕቃ ቤቷ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። አምፖሉ ከተቃጠለ የቆየ፣ ማታ ማታ ማንም የማይገባበት ክፍል ነው። ለጥምቀት ልጠይቃት ስሄድ ቀይ በቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። የኔ ተክል ልጅ እኮ ነው! አፈሩም ከኔው ቤት የሄደ ነው። ምን አድርገሽለት ነው ብላት ምንም፣ አንዳንዴ ውሃ ከማጠጣት በቀር አለችኝ። እዚያው ቆሜ ጣሪያው ላይ ያለውን የተቃጠለ አምፖል ሳይ ነው የጠረጠርኩት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ካላንቾ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። የጨለማውን ርዝመት የሚለካው ቅጠሉ ነው። ለ6 ሳምንት ያህል በየሌሊቱ 14 ሰዓት ገደማ ያልተቋረጠ ጨለማ ካገኘ እንቡጥ ይይዛል። ለአንዳንዱ ዝርያ 12 ሰዓት አካባቢም ይበቃዋል፣ 14 ግን አስተማማኝ ነው። አሁን የኛን ከተማ አስቢው። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት በታህሳስ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በሰኔ ደግሞ ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ማታ መብራት የማይበራበት ካላንቾ ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ በራሱ ይበቃዋል፣ የአክስቴም እንደዚያ ነው ያበበው። ሳሎን ውስጥ ያለው ግን ጀንበር 12 ሰዓት ላይ ስትጠልቅ አምፖል ይበራበታል፣ እኛም እራት በልተን፣ ዜና አይተን፣ ድራማውን ጨርሰን መብራት የምናጠፋው 5 ሰዓት ላይ ነው። ለተክሉ ቀኑ 17 ሰዓት ሆነ ማለት ነው፣ የቀረለት ሌሊት 7 ሰዓት ብቻ። በዚህ ሁኔታ ዓመቱን ሙሉ ብትጠብቂው አያብብም።

እኔ አሁን የማደርገው ይኸውልሽ። መስከረም 20 አካባቢ እጀምራለሁ። ከአመሻሹ 11 ሰዓት ላይ የማይክሮዌቭ ካርቶን እደፋበታለሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አነሳለታለሁ። ካርቶኑ ጎንና ጎኑ ላይ የእጅ መያዣ ቀዳዳ አለው፣ እሱን በጥቁር ፌስታልና በፕላስተር ዝጊው። ትንሽ ነው ብለሽ አትተይው፣ ሌሊት መሃል ላይ የገባ አጭር ብርሃን እንኳ ሌሊቱን ለሁለት ይቆርጥበታል። በረንዳ ላይ የምታስቀምጪ ከሆነም የኮሪደሩንና የመንገዱን መብራት እዪ። ጠዋት ካርቶኑን ካነሳሽ በኋላ ደግሞ ደህና ፀሐይ ወዳለበት መስኮት አስጠጊው። ይሄ እንዳይረሳ፣ ቀን ብርሃን ያላገኘ ተክል በጨለማ ብቻ አያብብም።

መጀመሪያ ስሞክረው በሦስተኛው ሳምንት ለቅሶ ገጥሞኝ 4 ቀን ክፍለ ሀገር ሄድኩ። ቤት ያሉት ካርቶኑን ረሱት። ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ጀመርኩ፣ አበባው ለገና የጠበቅኩት ለጥር መጨረሻ ሆነ። ስለዚህ በየቀኑ ካርቶን ማንሳትና መድፋት የማይመችሽ ከሆነ አትጨናነቂ፣ እንደ አክስቴ ማታ መብራት የማይበራበት ክፍል ፈልጊለት። ይዘገይ ይሆናል እንጂ ይሠራል።

እንቡጡ ሲመጣ ልብ ብለሽ ካላየሽ ያመልጥሻል። ጫፍ ላይ ካሉት ሁለት ቅጠሎች መሃል የጤፍ ፍሬ የሚያክሉ አረንጓዴ ነጥቦች ተሰብስበው ታያለሽ። እኔ መጀመሪያ አዲስ ቅጠል መስሎኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ አንገት አውጥተው ከፍ ይላሉ፣ ጫፋቸው ቀለም መያዝ ሲጀምር ካርቶኑ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ እስኪፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። መስከረም 20 የጀመረ ለገና ይደርሳል።

ውሃ በጨለማው ወቅት ቀንሺ። ጣትሽን ወደ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ እርጥበት ከተሰማሽ ተይው። የማሰሮው ቂጥ መበሳቱንም እዪ፣ የሚያምረው የውጭ ማስቀመጫ ውስጥ ውሃ ተኝቶ ስንቱን ተክል አበስብሷል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ሬድአሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) በወንፊት ነፍተሽ ግማሽ በግማሽ ቀላቅይው። ደግሞ የህዳርና የታህሳስ ሌሊት ብርድ ከባድ ነው፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ቅጠሉ ይጎዳል፣ ስለዚህ ማታ በረንዳ ላይ አታሳድሪው።

አስተያየት ውስጥ እሬትም እንደዚሁ ነው ወይ ብላ የጠየቀች አለች። እሬት ሌላ ነው። እሱ ዕድሜና ፀሐይ ነው የሚፈልገው፣ ጥቂት ዓመት ሳይሞላው አበባ አትጠብቂ፣ ካርቶንም አያሻውም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ግቢ ውስጥ የበዓል በግ የምታስሩ ከሆነ ካላንቾውን አርቁት። ለበግም ለከብትም ለድመትም መርዝ ነው።

አበባው ሲረግፍ ደግሞ ደረቁን አገዳ ከሥሩ ካሉት ቅጠሎች በላይ ቁረጪው፣ ጎን ጎኑን ያቆጠቁጣል። ቅርንጫፍም ቆርጠሽ መትከል ከፈለግሽ ቁስሉ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆይተሽ ትከይው።

አሁን የተቀመጠበት ቦታ ማታ መብራት እስከ ስንት ሰዓት ይበራበታል? መስኮቱስ በየት በኩል ነው? እሱን ጻፊልኝና መቼ ብትጀምሪ እንደሚሻል አብረን እናየዋለን።